ታይም ስቴፑን ባሳነስኩ ቁጥር ሲሙሌሽኑ ቶሎ ይፈነዳል፤ ለምን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ታይም ስቴፕ ማለት የኮምፒውተር ስሌቱ (ሲሙሌሽኑ) በአንዴ የሚራመዳት የጊዜ እርምጃ ናት፤ ይፈነዳል ማለት ደግሞ ቁጥሮቹ ያለ ልክ ያድጋሉ ማለት ነው። ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ናት። ቱቦ ውስጥ ያለ፣ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ በኮምፒውተር እየሰራች ነው። ቫልቩ 60 ሚሊሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምላስ አለው። ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ይፈሳል። ውሃውን በኦፕንፎም፣ ጎማውን በካልኩሊክስ እያሰላች ሁለቱን የስሌት ፕሮግራሞች (ሶልቨሮች) ፕሪሳይስ በሚባል ፕሮግራም አገናኝታለች። ያያዘችው ፋይል ላይ ትስስሩ ሲሪያል ኤክስፕሊሲት ተብሎ ተቀምጧል፤ ሁለቱ በየእርምጃው ተራ በተራ አንዴ ብቻ ይሰላሉ ማለት ነው። እንዲህ ትላለች፦

«በአየር ሳስኬደው በደንብ ይሰራል። ውሃ ሳደርገው አስር እርምጃ ሳይሞላ ግፊቱ ትሪሊዮን ደርሶ ይቆማል። ታይም ስቴፑን አስር እጥፍ አሳነስኩት፣ ሜሹንም (ስሌቱ የሚሰራበትን መረብ) አደቀቅኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። ጓደኛዬ ሬዞናንስ ነው፣ የሚገፋው ምት ከምላሱ የራሱ ምት ጋር ገጥሞ ነው ይላል። ላፕቶፔ አቅም ስለሌለው ይሆን? ሶፍትዌር ልቀይር? ጎማውን በብረት ብለውጠውስ? ኢመርስድ ባውንደሪ የሚባል ዘዴ ይሻላል የሚሉኝም አሉ። በመጨረሻ ቫልቩ ድርግም ብሎ ሲዘጋ የሚፈጠረውን ግፊት ማሳየት እፈልጋለሁ።»

ላፕቶፕሽ ምንም አላጠፋም። ሶፍትዌሮቹም ጥሩ ናቸው። ሬዞናንስም አይደለም። የተበላሸው ሁለቱ ሶልቨሮች የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ፍንጩን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል፦ በአየር ይሰራል፣ በውሃ አይሰራም።

አሁን ባለው አሰራርሽ በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃው አንዴ ይሰላል፣ ኃይሉን ለጎማው ያቀብላል፣ ጎማው በዚያ ኃይል ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ቀጣዩ እርምጃ ያልፋሉ። ጎማው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያ ኃይል አሁንም ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚያጣራ የለም። ጎማው ሁልጊዜ የሚታዘዘው ላለፈው እርምጃ ኃይል ነው። ለአንዳንድ ስራ ይህ ምንም ችግር የለውም። ላንቺ ስራ ግን ገዳይ ነው።

ምክንያቱ አዲድ ማስ የሚባለው ነገር ነው። ሰፊ ትሪ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አጥልቀሽ በፊቱ በኩል በድንገት ብትገፊው ከራሱ ክብደት በብዙ እጥፍ ይከብድሻል። ትሪው እንዲነሳ ከፊቱ ያለው ውሃ ገለል ማለት፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ተከትሎ መምጣት አለበት። ስለዚህ የምትገፊው ትሪውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚነሳውን ውሃ ጭምር ነው። ይህ ከውሃው ቅጥነት ወይም ወፍራምነት ጋር አይገናኝም። ቪስኮሲቲው ዜሮ ቢሆን እንኳ ክብደቱ እዚያው አለ።

ያንቺን ምላስ እናስላው። በውሃ ውስጥ በፊቱ በኩል ለሚንቀሳቀስ ስስና ነጻ ሳህን ቀመሩ የታወቀ ነው። አዲድ ማሱ የሳህኑን ርዝመት ዲያሜትር ካደረገ የውሃ ሲሊንደር ማስ ጋር እኩል ነው። ርዝመቱ 60 ሚሊሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ወርድ 2.83 ኪሎ ውሃ ማለት ነው። ጎማው ራሱስ? ዴንሲቲው 1,100 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው ብንል፣ በዚያው ወርድ 132 ግራም ብቻ ይመዝናል። ስታካፍያቸው 21 ይመጣል። ውሃው ከጎማው 21 እጥፍ ይከብዳል። ምላሱ በአንድ ጫፉ የታሰረና ቱቦ ውስጥ ያለ ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ ለግምት ግን ይበቃናል።

አሁን ይህ 21 ኤክስፕሊሲቱ ውስጥ ምን እንደሚሰራ ተመልከቺ። በትክክለኛው ፊዚክስ የጎማው አክስለሬሽንና የውሃው የመልስ ግፊት እኩል ሰዓት ላይ ናቸው። ባንቺ ስሌት ግን የውሃው መልስ በአንድ እርምጃ ይዘገያል። የዛሬው አክስለሬሽን የሚሰላው ውሃው ለትናንቱ አክስለሬሽን በሰጠው መልስ ነው። ስለዚህ ትንሽ ስህተት ከገባች በቀጣዩ እርምጃ በ21 ተባዝታ ምልክቷን ገልብጣ ትመለሳለች። 1 የነበረችው 21 ትሆናለች፣ ከዚያ 441፣ ከዚያ 9,261፣ ከዚያ 194,481። በአስረኛው እርምጃ ትሪሊዮንን አልፋ ሄዳለች። ያየሽው ይህንኑ ነው።

እዚህ ስሌት ውስጥ ታይም ስቴፕ የትም እንደሌለ ልብ በይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማባዣው የሁለት ማሶች ጥምርታ ነው። እርምጃው አጠረም ረዘመም በየእርምጃው በ21 ይባዛል። እርምጃውን በአስር ስታሳንሺው በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስር እጥፍ እርምጃ ይኖራል፣ ስለዚህ ፍንዳታው ቶሎ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ኮዛን፣ ዤርቦና ኖቢሌ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ፎርስተር፣ ቫልና ራም ደግሞ በ2007 ይህንን በሂሳብ አሳይተዋል። በተለይ ሁለተኞቹ አንድ ሌላ ነገር ጨምረዋል፦ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው፣ ይበልጥ ትክክለኛ የሚባል የጊዜ ስሌት ብትጠቀሚ አለመረጋጋቱ ይብሳል።

ታዲያ «ታይም ስቴፑን አሳንሺ» የሚለው ምክር ከየት መጣ? ከአየር በረራ ሰዎች ነው፣ እነሱ ጋ ደግሞ ልክ ነው። አየሩ የሚታመቅ ሆኖ ሲሰላ ግፊቱ በድምፅ ፍጥነት ነው የሚጓዘው። በአጭር ጊዜ ውስጥ አብሮ የሚነሳው አየር ጥቂት ነው፣ እርምጃው ባጠረ ቁጥርም እየቀነሰ ይሄዳል። ያንቺ ውሃ ግን የማይታመቅ ተብሎ ነው የተሰላው። በዚህ ስሌት ምላሱ ሲነቃነቅ የቱቦው ውሃ ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ይሰማዋል። ሁለቱ ዓለሞች አንድ ምክር አይጋሩም።

በአየር ለምን እንደሰራልሽም አሁን ግልጽ ነው። የአየር ዴንሲቲ 1.2 አካባቢ ነው። አዲድ ማሱ በሜትር ወርድ 3.4 ግራም ይመጣል፣ ጥምርታውም ከ0.03 በታች ነው። ስህተቱ በየእርምጃው በ0.03 ከተባዛ ይሞታል እንጂ አያድግም። አዳማ ወይም አሸጎዳ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ብትሰሪ ኖሮ ይኸው ኤክስፕሊሲት ያለ ችግር ይሄድልሽ ነበር፤ ክንፉ አብሮት ከሚነሳው አየር እጅግ ይከብዳልና። የብረቱንም ሀሳብ እዚህ ላይ እንዝጋው። በዚሁ ውፍረት ብረት ብታደርጊው ሳህኑ በሜትር ወርድ 942 ግራም ይመዝናል። ጥምርታው 3 ይሆናል። አሁንም ከ1 በላይ ነው፣ አሁንም ይፈነዳል። ዴንሲቲ ብቻ እያዩ «ብረት ከውሃ ስምንት እጥፍ ይከብዳል፣ ችግር የለውም» የሚሉ አሉ። ስስ ነገር ላይ ውፍረቱም እኩል ይቆጠራል።

ስለ ሬዞናንሱ፣ ጓደኛሽ የተሳሳተውን በአንድ ሙከራ ማየት ትችያለሽ። የምላሱን ጫፍ ቦታ በየእርምጃው በግራፍ አስቀምጪው። ወደላይ፣ ወደታች፣ ወደላይ፣ ወደታች እያለ በእያንዳንዱ እርምጃ ምልክት የሚቀይር ከሆነ ቁጥራዊ ነው። ታይም ስቴፑን ስትቀይሪ የመወዛወዙ ፍሪኩዌንሲ አብሮ ይቀየራል። እውነተኛ መወዛወዝ ግን ያንቺን ታይም ስቴፕ አያውቀውም፤ አንድ ዑደቱም ብዙ እርምጃ ይፈጃል። በነገራችን ላይ ሁሉም በሬዞናንስ ምሳሌነት የሚጠራው የአሜሪካው የታኮማ ድልድይ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ህዳር 7 ቀን 1940 የወደቀው፣ ንፋሱ በራሱ ምት እየገፋው ሳይሆን ድልድዩ በራሱ ጥምዘዛ ከነፋሱ ጉልበት እየሳበ ነው የተበጠሰው።

ምን ይሻላል? መሄድ ያለብሽ ወደ ኢምፕሊሲት ትስስር ነው። በአንድ እርምጃ ውስጥ ውሃውና ጎማው ደጋግመው ይሰላሉ፣ ኃይሉና ቦታው ሲስማሙ ብቻ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ግን ስሙን ቀይሮ መተው አይበቃም፣ እዚህ ላይ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ኢምፕሊሲት አድርገሽ ያለ ምንም ማረጋጊያ ብትደጋግሚው ያው በ21 መባዛት በእርምጃው ውስጥ ይመጣል። ማረጋጊያው ሪላክሴሽን ነው፤ ከአዲሱ መልስ ምን ያህሉን ልውሰድ የሚል ቁጥር። ብዙ ሰው 0.5 ያስገባና «ኢምፕሊሲትም አልሰራም» ይላል። አስይው። በ21 ጥምርታ ስህተቱ በየድግግሞሹ የሚባዛው ከ1 ላይ የሪላክሴሽኑ 22 እጥፍ ሲቀነስ በሚቀረው ቁጥር ነው። 0.5 ስታስገቢ ማባዣው 10 ከነምልክት ግልበጣው ይሆናል። አይሰበሰብም። እንዲሰበሰብ ቁጥሩ ከ0.09 ማነስ አለበት።

ታዲያ 0.045 ብናደርገው? ለዚያች ለከባዷ እንቅስቃሴ ግሩም ነው። ምላሱ ግን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ የለውም። በአጭር ሞገድ የሚርገበገበው ክፍል አብሮት የሚነሳው ውሃ ትንሽ ነው። ለእሱ ስህተቱ በየድግግሞሹ የሚባዛው በ0.955 ነው፤ በጣም በዝግታ ነው የሚቀንሰው። አንድ አስረኛ ለማድረስ 50 ድግግሞሽ ይፈልጋል። በየእርምጃው 50 ጊዜ ውሃ መፍታት፣ በላፕቶፕ፣ አያዋጣም። ኤይትከን የሚባለው ዘዴ ቁጥሩን በየድግግሞሹ ራሱ ያስተካክላል። ከቋሚው በጣም ይሻላል፣ ለመጻፍም ቀላል ነው። ግን እሱም ለሁሉም እንቅስቃሴ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

ላንቺ የምመክረው ኳሲ ኒውተን ነው፤ በተለይ ደግሮተ፣ ባተና ቪረንዴልስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት በሊስት ስኩዌርስ የሚሰራው ዓይነት። ቀደም ካሉት ድግግሞሾች «ቦታው እንዲህ ሲቀየር ኃይሉ እንዲህ ተቀየረ» የሚለውን ይሰበስባል፣ ከዚያም ለየእንቅስቃሴው የየራሱን እርማት ይሰራል። የሁለቱን ሶልቨሮች ኮድ መንካት አያስፈልገውም። ፕሪሳይስ ውስጥ አለ። ማድረግ ያለብሽ ሲሪያል ኤክስፕሊሲት የሚለውን ወደ ፓራለል ወይም ሲሪያል ኢምፕሊሲት መለወጥ፣ አክስለሬሽን በሚለው ክፍል (የድግግሞሹ ማፋጠኛ ነው፣ የጎማው አክስለሬሽን አይደለም) ኳሲ ኒውተኑን ማስገባት፣ የኮንቨርጀንስ (የመስማማት) መለኪያን በኃይሉም በቦታውም ላይ ማድረግ ነው። ካለፉት ጥቂት እርምጃዎች የተሰበሰበውን መረጃ እንዲጠቀም ፍቀጂለት። በደህና ሁኔታ በየእርምጃው ከ5 እስከ 10 ድግግሞሽ ይበቃዋል። ከፍተኛውን የድግግሞሽ ቁጥር እየነካ የሚያልፍ ከሆነ ግን ውጤቱን አትመኚው፤ ሳይስማማ ነው ያለፈው።

ሁለቱን በአንድ ትልቅ ማትሪክስ የሚፈታው ሞኖሊቲክ የሚባለው መንገድም አለ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ጽኑ እሱ ነው። ኮምሶል እንዲህ አድርጎ መፍታት ይችላል። ፈቃዱ ዩኒቨርሲቲሽ ካለ መሞከር ትችያለሽ። ከሌለ ግን ለዚህ ብቻ ብለሽ ከባዶ ኮድ አትጻፊ፤ የማስተርስ ጊዜሽን ይበላዋል።

ኢመርስድ ባውንደሪን በሚመለከት ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል። ቻርልስ ፔስኪን እ.ኤ.አ. በ1972 ለልብ ቫልቭ ብሎ ያመጣው ዘዴ ነው፣ ስለዚህ ሰዎች ለቫልቭ ቢጠቁሙሽ አይገርምም። የሚፈታው ግን የሜሽ ችግርን ነው። ሜሹ ቆሞ ይቀራል፣ አካሉ በላዩ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ምንም ያህል ቢዞር ሜሹ አይሸበሸብም። የአዲድ ማስን ችግር ግን በራሱ አይፈታም፤ ለብቻው ከሚሰላ ስስና ቀላል አካል ጋር በኤክስፕሊሲት ካያያዝሽው ያው ፍንዳታ ይጠብቅሻል። ዋጋም አለው። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ስስ ንብርብር ይደበዝዛል፣ ምላሱ ላይ ያለውን የሸር ኃይል (ውሃው ገጹን እየታከከ የሚጎትትበትን) ማመን ይከብዳል። ምላሱ በመጠኑ የሚታጠፍ ከሆነ አሁን ያለሽው ተንቀሳቃሽ ሜሽ የተሻለ ነው።

የተንቀሳቃሽ ሜሹን ጣጣ ደግሞ እንይ። ምላሱ ሲታጠፍ የሜሹ ነጥቦች ተከትለው ይሄዳሉ፣ ጫፉ አካባቢ ያሉት ሴሎች ይጨፈለቃሉ። ኦፕንፎም ውስጥ የነጥቦቹ እንቅስቃሴ ስርጭት ከምላሱ ባለው ርቀት ግልባጭ እንዲመራ ብታደርጊ ቅርብ ያሉት ሴሎች ቅርጻቸውን ይዘው ይንቀሳቀሳሉ፣ መሸብሸቡ ራቅ ወዳሉት ትላልቅ ሴሎች ይሄዳል። ሌላው መፈተሽ ያለበት፣ ሜሹ ሲንቀሳቀስ ከሌለበት ፍሰት እንዳይፈጥር ነው። ጥሩ ፈተና አለ፤ ወጥ ፍሰት ባለበት ሳጥን ውስጥ የውስጡን ነጥቦች ብቻ አንቀሳቅሺ። ፍሰቱ ወጥ ሆኖ ካልቀረ ችግር አለ።

ፋይልሽ ላይ ልታጣሪያቸው የሚገቡ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የኦፕንፎም የማይታመቅ ሶልቨሮች የሚያወጡት ግፊት በዴንሲቲ የተካፈለ ነው። ኦፕንፎምን ከፕሪሳይስ ጋር በሚያገናኘው አስማሚ ላይ የውሃውን ዴንሲቲ 1,000 በትክክል ካላስገባሽ ኃይሉ በሺህ እጥፍ ይሳሳታል፣ ምላሱም ሳይነቃነቅ ቆሞ «ተረጋጋልኝ» ያሰኝሻል። ባለሁለት ዳይሜንሽን ስራ ላይ የኦፕንፎሙ ሜሽ አንድ ሴል ውፍረት አለው፤ ያ ውፍረትና የካልኩሊክሱ ሳህን ወርድ እኩል መሆን አለባቸው። ከአንዱ ሜሽ ወደ ሌላው ኃይልን ስታሻግሪ ኮንሰርቫቲቭ (ድምሩን የሚጠብቅ)፣ ቦታን ስታሻግሪ ኮንሲስተንት (ዋጋውን እንዳለ የሚያሻግር) የሚባለውን ማፒንግ ተጠቀሚ፤ ስትገለብጫቸው አጠቃላዩ ኃይል ይጠፋል። ካልኩሊክስ ላይ ትልቅ መታጠፍን የሚያስቆጥረውን ኤንኤልጂኦም አብሪ። መግቢያው ላይ ያለውን ፍጥነት ደግሞ በአንዴ 1 ሜትር በሰከንድ አታድርጊ። ከዜሮ ቀስ ብሎ ይነሳ። ድንገተኛ አነሳስ በማይታመቅ ውሃ ላይ ምንም ዘዴ የማያስተካክለው የግፊት ዝላይ ያመጣል። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆንሽ ሁለቱም ሶልቨሮች በተመሳሳይ የስሌት ሰዓት ላይ ውጤታቸውን እንዲያስቀምጡ አድርጊ፤ አንዱ 0.40 ሰከንድ ላይ፣ ሌላው 0.38 ላይ ቢቀር መቀጠል አይቻልም።

ሜሽ ማድቀቁን ለአሁኑ ተዪው። ትስስሩ እስኪረጋጋ ድረስ ጊዜሽን ብቻ ነው የሚበላው።

አሁን ስለ መዝጋቱ። ይህንን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ የያዝሽው መሳሪያ አያሳይሽም። አንደኛ፣ ምላሱ መቀመጫውን ሲነካ በመሃል ያሉት ሴሎች ስፋታቸው ዜሮ ይሆናል፣ ሜሹ ይሞታል። ትንሽ ክፍተት ትቶ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ያ መዝጋት አይደለም። ሁለተኛው ይብሳል። ቫልቭ ድርግም ሲል የሚመጣው ግፊት የውሃ ሀመር ነው፣ በውሃው ውስጥ በሚሄድ የግፊት ሞገድ ነው የሚፈጠረው። ጁኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ቀመር መሰረት ግፊቱ የዴንሲቲ፣ የሞገዱ ፍጥነትና የጠፋው የውሃ ፍጥነት ብዜት ነው። በብረት ቱቦ ሞገዱ በሰከንድ 1,200 ሜትር አካባቢ ቢሄድ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውሃ በድንገት ሲቆም 1.2 ሚሊዮን ፓስካል ይመጣል። 12 ባር ማለት ነው። የማይታመቅ ውሃ ውስጥ ግን ሞገድ የለም። በአንድ እርምጃ ቢዘጋ የምታገኚው ግፊት የታይም ስቴፕሽ ውጤት ነው፤ እርምጃውን በግማሽ ስታሳንሺው ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ያንን ቁጥር ቴሲስ ላይ አታስፍሪ። የሀመሩን ግፊት በቱቦው ርዝመት ላይ በአንድ ዳይሜንሽን፣ ሞገዱን በመንገዱ እየተከተለ በሚያሰላው በካራክተሪስቲክስ ዘዴ ለብቻው አስይው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የራስሽን ቫልቭ ለጊዜው አስቀምጪው። ቱሬክና ህሮን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን መፈተኛ ስሪ። 2.5 ሜትር ርዝመትና 0.41 ሜትር ከፍታ ያለው ቦይ፣ ውስጡ ሬዲየሱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር፣ ከኋላው 35 ሴንቲሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ሳህን ነው። መጀመሪያ ሶልቨሮቹን ለየብቻ ፈትኚ። ጠጣሩ ብቻ በሚሰላበት ሲኤስኤም1 በሚባለው ፈተና ሳህኑ በራሱ ክብደት ብቻ ጫፉ 66.1 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ካልኩሊክስ ይህን ካልሰጠሽ ትስስሩ ውስጥ ስህተት አትፈልጊ። ፍሰቱ ብቻ በሚሰላበት ሲኤፍዲ1 ላይ ድራጉ (ፍሰቱ አካሉን የሚጎትትበት ኃይል) 14.29 ኒውተን መምጣት አለበት። ከዚያ ሁለቱ ተገናኝተው የሚሰሉበት ኤፍኤስአይ1፣ በጊዜ የማይለዋወጠው ፍሰት። ከዚያ በቀጥታ ኤፍኤስአይ3። ኤፍኤስአይ2 ላይ ሳህኑ ከፍሉይዱ አስር እጥፍ ዴንሲቲ ስላለው ለትስስሩ ይቀላል፤ እሱ ስለሰራ ብቻ ያንቺ ጎማ ይሰራል ማለት አይደለም። ኤፍኤስአይ3 ላይ ግን ሁለቱ ዴንሲቲ እኩል ነው፣ እንዳንቺ ማለት ነው። ጫፉ ከአማካዩ ወደላይና ወደታች 34.4 ሚሊሜትር እየሄደ በሰከንድ 5.3 ጊዜ መወዛወዝ አለበት።

ያንን ቁጥር ስታገኚ ትስስሩን ሳትነኪ ቫልቭሽን መልሺው። ከፍቶ ከሚቆምበት ቦታ ጀምሪ፣ ፍሰቱን ቀስ አድርገሽ እየቀነስሽ ምላሱ ወደ መቀመጫው ሲጠጋ እዪ፣ ክፍተቱ ሁለት ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሚ። ለማስተርስ ይህ በቂ ስራ ነው። አማካሪሽ ሙሉ መዝጋቱን የግድ ካሉ፣ ከላይ ያለውን የ12 ባር ስሌት አሳዪያቸውና የሀመሩን ክፍል ለብቻው ምዕራፍ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ።